«የዕለት እንጀራችን» ስንል ምን እየለመንን ነው?

አባታችን ሆይን በቃሉ የማያውቅ ሰው መሐል አዲስ አበባ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በግዕዝ ይባላል። ፒያሳ ጊዮርጊስ አጥር ሥር ቆመው የሚጸልዩ እናቶች በአማርኛ ይሉታል። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ይጸልየዋል። በልጅነታችን ስለተማርነው አፋችን ራሱ ያውቀዋል። ሐሳባችን ሌላ ቦታ ሆኖ እንኳ «አሜን» ላይ እንደርሳለን።

እዚህ ጸሎት መሐል ግን አንድ አስቸጋሪ ቃል አለ። አማርኛውን የሚያነብ ሰው አያስተውለውም። ወንጌሉ በተጻፈበት በግሪክኛ ግን ሊቃውንቱን ከ1,700 ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። ቃሉ «የዕለት» ተብሎ የተተረጎመው ነው።

በማቴዎስ 6፥11 «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» እንላለን። ቀላል ነው፤ ዕለት ማለት ቀን ነው፣ የዕለት ማለት የቀን። እዚያ ቦታ በግሪኩ የተቀመጠው ቃል ግን ኤፒኡሲዮስ ይባላል። ችግሩም ይህ ቃል ከዚህ ጸሎት ውጭ አለመገኘቱ ነው። በሆሜር ግጥም የለም። በፕላቶ መጻሕፍት የለም። የብሉይ ኪዳን የግሪክኛ ትርጉም በሆነው በሰብዓ ሊቃናትም የለም። ያለው ማቴዎስ 6፥11 ላይ፣ ሉቃስ 11፥3 ላይ፣ እና ዲዳኬ በሚባለው ጥንታዊ የክርስቲያኖች መመሪያ 8ኛ ምዕራፍ ላይ ነው። ዲዳኬም የሚጠቅሰው ይህንኑ ጸሎት ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ጸልዩት ይላል። (ዲዳኬን ከእኛው ዲድስቅልያ ጋር እንዳታምታቱት። ስማቸው ይቀራረባል እንጂ ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት ናቸው።) ከዚያ በኋላ ቃሉን የሚያነሡት ሁሉ ይህን ጸሎት የሚጠቅሱ ወይም የሚያብራሩ ናቸው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ጓደኛዬ ነው። ፒያሳ ቶሞካ ቆመን ቡና እየጠጣን ነበር። «ሰማህ? በግሪኩ እኮ የዕለት እንጀራ አይልም። ከፍ ያለ፣ መንፈሳዊ እንጀራ ነው የሚለው። ሰባኪው ነው የነገረን» አለኝ። ሰባኪው ጨርሶ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ልክ ነው ብሎ ማለፍም አይቻልም። ነገሩ በአንድ ስኒ ቡና አያልቅም ነበርና እዚህ አመጣሁት።

ቃሉ እንግዳ መሆኑን መጀመሪያ አፍ አውጥቶ የተናገረው የእስክንድርያው ኦሪጀን ነው። በእኛ መጻሕፍት አርጌንስ የሚባለው ማለት ነው። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ጸሎት በጻፈው መጽሐፉ፣ ይህን ቃል ከግሪክ ጠቢባን አንድም ሰው አልተጠቀመበትም፣ ተራው ሕዝብም አይናገረውም፣ ወንጌላውያኑ ራሳቸው የፈጠሩት ይመስላል ይላል። ይህን የሚለው ሰው ግሪክኛን ከመጽሐፍ የለቀመ የውጭ ሰው አይደለም። በግሪክኛ አድጎ፣ በግሪክኛ አስተምሮ፣ በግሪክኛ የጻፈ ሊቅ ነው። ቋንቋው የገዛ ቋንቋው የሆነ ሰው «ይህን ቃል ሰምቼው አላውቅም» ሲል፣ እኛ ከ1,800 ዓመት በኋላ መዝገበ ቃላት ገልጠን «ትርጉሙ ይሄ ነው፣ አለቀ» ብንል ትንሽ ድፍረት ይሆናል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ግሪክኛ «የዕለት» የሚል ተራ ቃል ያላጣ መሆኑ ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ 2፥15 ወንድም ወይም እኅት የዕለት ምግብ ቢያጡ እያለ ይጽፋል። እዚያ ያለው ቃል ኤፌሜሮስ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የአዘቦት ቃል። አማርኛው ሁለቱንም ቦታ «የዕለት» ስለሚል ልዩነቱ አይታየንም። ማቴዎስና ሉቃስ ግን ያንን ቃል ትተው ማንም የማያውቀውን አስቀመጡ። ጌታ ጸሎቱን ያስተማረው በአራማይክ ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ተርጓሚ ከአፉ የሰማውን አንድ ነገር በተራው የግሪክ ቃል ማስቀመጥ አልሆንልህ ብሎት ይሆናል። ይህ ግምት ነው፤ ጥሩ ግምት ግን ነው።

እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥም ሊቃውንት የሚመኙት አንድ ነገር አለ፤ ተራ ሰው ቃሉን በተራ ጉዳይ ሲጠቀምበት ማየት። የገበያ ሒሳብ፣ ለእናት የተላከ ደብዳቤ፣ የቤት ወጪ ዝርዝር። የግብፅ አሸዋ እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን፣ ማለትም ፓፒረሶችን፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይበሰብሱ አቆይቷል። ታዲያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፍሊንደርስ ፔትሪ የተባለው እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስት ፋዩም አጠገብ ሐዋራ በሚባል ቦታ ሲቆፍር ብዙ ፓፒረስ አገኘ። ከእነሱ አንዱ የወጪ ዝርዝር ነበር። ጽሑፉን ያነበበው አርኪባልድ ሴይስ የሚባል ምሁር ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ንባቡ ታተመ። በዝርዝሩ መሐል «ኤፒኡሲ…» ብሎ የሚጀምር ቃል አለ ተባለ።

በቃ፣ ደስታ ሆነ። ይኸው ከጸሎቱ ውጭ ተገኘ! ያውም በወጪ ዝርዝር ውስጥ! ስለዚህ ትርጉሙ የዕለት ራሽን፣ የዕለት ድርሻ መሆን አለበት ተባለ። መዝገበ ቃላቱም ማስረጃው ብለው አስገቡት።

ፓፒረሱ ራሱ ግን ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ ጠፋ። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው የሴይስን ንባብ ብቻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ብሩስ ሜትዝገር የተባለው የአዲስ ኪዳን ሊቅ ጥርጣሬውን ጻፈ፤ ሴይስ ፓፒረስ ሲያነብ ብዙ ጊዜ የሚሳሳት ሰው መሆኑ ይታወቅ ነበርና። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1998 ወረቀቱ አሜሪካ፣ የል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተገኘ። ሁለት ምሁራን እንደ ገና አነበቡት። ቃሉ ኤፒኡሲዮስ አልነበረም። ኤላዩ ነበር፤ ዘይት። ወጪው የዘይት ወጪ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የተጠቀሰ ማስረጃ አንድ ሰው ፊደል አሳስቶ ያነበበው የዘይት ሒሳብ ሆኖ አረፈው። አሁንም አንዳንድ የቆዩ መጻሕፍት «ቃሉ በፓፒረስ ተገኝቷል» ይላሉ። ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱ።

እንግዲህ አጠቃቀሙን ማየት ካልተቻለ የቀረው መንገድ ቃሉን ከፋፍሎ መበለት ነው። ይህ መንገድ ግን አደገኛ ነው። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «ሆደ ሰፊ»ን ቢበልተው ምን ያገኛል? ቦርጫም ሰው ያገኛል። ታጋሽ የሚለውን መቼም አያገኝም። «እግረ መንገዴን ሱቅ ገባሁ» የሚለውን ቢበልተውም እንዲሁ ግራ ይገባዋል። የቃል ክፍሎች ሁልጊዜ ወደ ትርጉሙ አያደርሱም። ሌላ ምርጫ ስለሌለ ግን ሊቃውንቱ ኤፒኡሲዮስን በለቱት። ሲበልቱትም በሦስት አቅጣጫ ተለያዩ።

የመጀመሪያዎቹ ቃሉን «ኤፒ» እና «ኡሲያ» ብለው ከፈሉት። ኡሲያ ማለት ህላዌ፣ ባሕርይ፣ መኖር ማለት ነው። ለሃይማኖት ሰው ይህ ቃል እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች ወልድ ከአብ ጋር «ሆሞኡሲዮስ» ነው ሲሉ የተጠቀሙት ይህንኑ ኡሲያን ነው። እኛ በጸሎተ ሃይማኖት «ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ» የምንለው ቦታ ላይ ያለው ቃል ነው። ስለዚህ የግሪክ ክርስቲያን ጆሮ ኤፒኡሲዮስን ሲሰማ ያንን ትልቅ ቃል ማስታወሱ አይቀርም።

በዚህ መንገድ የሄዱት ግን እነሱም አንድ ቦታ አልደረሱም። አንዳንዶቹ «ለመኖር የሚያስፈልገን እንጀራ» አሉ። ፔሺታ የሚባለው የሶርያ መጽሐፍ ቅዱስ «የሚያስፈልገንን እንጀራ» ይላል። ይህ ደግሞ ምሳሌ 30፥8 ላይ ድህነትንም ባለጠግነትንም አትስጠኝ፣ የሚበቃኝን ስጠኝ ከሚለው ጸሎት ጋር ይስማማል። ሌሎቹ ግን ወደ ላይ ወጡ። ኦሪጀን እንጀራው ለነፍስ ህላዌ የሚሆን ሰማያዊ እንጀራ ነው አለ። የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስም ለአዲስ ተጠማቂዎች ሲያስተምር ይህ ተራ እንጀራ ኤፒኡሲዮስ አይደለም፣ ኤፒኡሲዮስ ቅዱሱ እንጀራ ነው ብሎ ከቅዱስ ቁርባን ጋር አገናኘው። የጓደኛዬ ሰባኪ የያዘው ክር ይህ ነው። እንግዲህ ከባዶ አላመጣውም፤ የጥንት አባቶች ክር ነው።

በዚህ ክር ላይ አስቂኝ ነገር ያደረገው ጄሮም ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ወንጌላትን በላቲን ሲያርም ማቴዎስ ላይ ቃሉን «ከህላዌ በላይ የሆነ» በሚል ረጅም የላቲን ቃል ለወጠው። ያው ቃል ሉቃስ ላይ ሲመጣ ግን «የዕለት» የሚለውን ተወው። አንድ የግሪክ ቃል፣ አንድ ጸሎት፣ አንድ ተርጓሚ፣ ሁለት ትርጉም! የላቲኑ ሕዝብ ደግሞ በጸሎቱ የቀጠለው በለመደው «የዕለት» ነው። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

በዚህ አቅጣጫ ላይ የሚነሣ አንድ የሰዋስው ተቃውሞ አለ። ግሪክኛ ሁለት አናባቢ ሲጋጩበት አንዱን ይውጣል። እኛም እኮ «ስለ አንተ» ብለን ጽፈን ስናነበው «ስላንተ» ነው የምንለው። በዚያ ሕግ ኤፒ እና ኡሲያ ሲገናኙ «ኤፑሲዮስ» መሆን ነበረበት። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ግን ቆራጭ አይደለም። ይህን ሕግ ያልጠበቁ ሌሎች የግሪክ ቃላት አሉና። እነዚያ ቃላት ግን አብዛኞቹ በጥንት ዘመን መሐላቸው ላይ የጠፋ ተነባቢ የነበራቸው ናቸው። ኡሲያ እንዲያ ያለ ታሪክ የለውም።

ሁለተኛዎቹ ቃሉን «ላለንበት ቀን» ብለው ፈቱት። የዛሬ እንጀራ ማለት ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ ማቴዎስን ሲተረጉም የሄደው ወደዚህ ነው፤ ለአንድ ቀን የሚሆን እንጀራ አለ። ባለጠግነትን ለምኑ አላለንም፣ ለአንድ ቀን የሚበቃውን ብቻ እንጂ የሚል ነው መንፈሱ። የኑሲሱ ጎርጎርዮስም ከዚህ አይርቅም። ይህ ለሕይወት የሚመች፣ ለስብከትም የሚመች ፍቺ ነው። ድክመቱ መደጋገሙ ነው። ጸሎቱ «ዛሬ» የሚል ቃል አስቀድሞ አለው። «የዛሬ እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» ሊል ነው? ሊል ይችላል። ግን ለዚህ ለዚህ ማንም የማያውቀው ቃል ለምን አስፈለገ?

ሦስተኛው አቅጣጫ እኔን የሚያሳምነኝ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ግሪክኛ «ሄ ኤፒኡሳ» የሚል የታወቀ አባባል አለው። «የምትመጣዋ» ማለት ነው። ቀን የሚለው ሳይጠራ ይታወቃል፤ የምትመጣዋ ቀን፣ ማግስት። ይህን አባባል ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሉቃስ ራሱ በሐዋርያት ሥራ ውስጥ 5 ጊዜ ተጠቅሞበታል። ጳውሎስ ከጢሮአዳ ተነሥቶ ወደ ሳሞትራቄ፣ በማግስቱ ወደ ናጱሌ ሲሄድ (16፥11) ያለው ይህ ነው። ጳውሎስ ኢየሩሳሌም በገባ ማግስት ወደ ያዕቆብ ሲሄድም (21፥18) እንዲሁ። በሰብዓ ሊቃናትም ምሳሌ 27፥1 ላይ ነገ የሚመጣውን አታውቅምና አትመካ በሚለው ውስጥ ይገኛል። ከ«ኤፒኡሳ» ላይ «ኤፒኡሲዮስ» የሚል ቅጽል ማውጣት በግሪክኛ ሰዋስው ምንም አያስቸግርም። የሚዋጥ አናባቢ የለም፣ የሚሰበር ሕግ የለም። ትርጉሙም «የምትመጣዋ ቀን እንጀራ» ይሆናል።

ለዚህ የሚቆሙ ጥንታዊ ምስክሮችም አሉ። ጄሮም «እንደ ዕብራውያን» የሚባል ወንጌል አይቶ እዚያ ቦታ ላይ «ማሐር» የሚል ቃል እንዳገኘ ጽፏል። ማሐር በዕብራይስጥ ነገ ማለት ነው። በግብፅም ቦሃይሪክ በሚባለው የቅብጥ ቋንቋ የተተረጎመው ወንጌል «የነገ እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» ይላል። ቦሃይሪክ እስከ ዛሬ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ቋንቋ ነው። እኛ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ የተቀበልንበት መንበር እንዲህ እየጸለየ ነው ማለት ነው። ሳሂዲክ በሚባለው በሌላው የቅብጥ ዘዬ ደግሞ «የሚመጣውን እንጀራችንን» ይላል። ግብፃውያን ግሪክኛ አጠገባቸው ነበር። ያነበቡበት መንገድ በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ወዲያው የሚነሣ ጥያቄ አለ። እዚያው ማቴዎስ 6 ላይ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ቁጥር 34፣ «ለነገ አትጨነቁ» ተብሎ የለም ወይ? እንዴት ብሎ ነው ቁጥር 11 ላይ የነገ እንጀራ ለምኑ የሚለው?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ብዙዎች ይህን አቅጣጫ የሚጥሉትም ለዚህ ነው። እኔ ግን የጥያቄው ክብደት የሚመጣው ከደመወዝተኛ ሰው አስተሳሰብ ይመስለኛል። በወር የሚከፈለው ሰው «ነገ» ሲል የቁጠባ ደብተር ያስባል። ጸሎቱን መጀመሪያ ከሰሙት መካከል ግን የዕለት ሠራተኞች አይጠፉም። ማቴዎስ 20 ላይ የወይን አትክልት ሠራተኞች በቀን አንድ ዲናር ተስማምተው ይገባሉ፣ ክፍያቸውንም ሲመሽ ይቀበላሉ። ሕጉም (ዘዳግም 24፥15) ፀሐይ ሳትገባ ይከፈለው ይላል። ሲመሽ የተቀበልከው ገንዘብ የሚሆነው ለምንድን ነው? ዛሬ መሽቷል። የምትገዛበት የሚመጣውን ቀን እንጀራ ነው። ዛሬ ከተማችን ውስጥ ማለዳ መንገድ ዳር ቆሞ የቀን ሥራ የሚጠብቅ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ለእሱ የነገን መለመን ማከማቸት አይደለም።

እንጀራ የምንጋግር ሰዎች ደግሞ ለዚህ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነን። የነገ እንጀራ ዛሬ ይለመናል እንጂ ነገ አይለመንም። ሊጡ ቀድሞ ተቦክቶ፣ ቀን ቆይቶ፣ አብሲት ተጥሎ፣ ኩፍ ብሎ ነው ምጣድ ላይ የሚወጣው። ጠዋት ተነሥታ «የዛሬን እንጀራ ዛሬ ላቡካ» የምትል ባለሙያ የለችም።

የሰዓቱም ነገር አለ። በአይሁድ አቆጣጠር ዕለት የሚጀምረው ማታ ነው። ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል። እኛም የበዓሉን ዋዜማ የምንቆመው በዋለው ቀን ማታ ነው። ማታ የሚጸልይ ሰው «የምትመጣዋ ቀን» ሲል አሁን ደጃፉ ላይ ያለችውን ማለቱ ነው። ማለዳ የሚጸልይም በግሪክኛው አነጋገር ገና ከፊቱ ያለችውን ያችኑ ቀን «ኤፒኡሳ» ሊላት ይችላል። ስለዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው አቅጣጫ መካከል ያለው ርቀት መጀመሪያ እንደሚመስለው የሰፋ አይደለም።

መናውንም ማሰብ ይጠቅማል። ዘጸአት 16 ላይ መና የሚለቀመው የየዕለቱ ብቻ ነው። ያሳደረው ሰው ተልቶበት ይገማበታል። በስድስተኛው ቀን ግን የሁለት ቀን ይሰጣቸዋል፤ ለሰንበት የሚሆነውም ያድራል፣ አይተላም። ይኸውላችሁ፣ የነገ እንጀራ ዛሬ የተሰጠበት ቀን። ያውም ሕዝቡ ቢለቅመውም እጥፉን የሰጠው ሰጪው ነው እንጂ ሕዝቡ በራሱ ፈቃድ ያከማቸው አይደለም። ይህን አቅጣጫ ከያዙት መካከል ታዲያ «የምትመጣዋን ቀን» ወደ መጨረሻዋ ቀን የሚወስዷት አሉ። ሉቃስ 14፥15 በእግዚአብሔር መንግሥት እንጀራ የሚበላ ብፁዕ ነው ይላል። የዚያን ማዕድ ዛሬ አቅምሰን ማለት ነው ይላሉ። ጄሮምም ከማሐር ጋር አያይዞ የጠቀሰው ፍቺ ወደዚህ ያዘነብላል። ውብ ነው። ለእኔ ግን ሆዱ የተራበ ሰው የሚጸልየውን ጸሎት ትንሽ ያሸሸዋል።

የእኛ የግዕዝ ተርጓሚዎችስ? «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ነው ያሉት። ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ግሪኩ «አርቶስ» ይላል፤ የስንዴ ወይም የገብስ ዳቦ። ግዕዝ ኅብስት የሚል ቃል እያለው ጸሎቱ ላይ ኅብስት አላለም። ሲሳይ አለ። ሲሳይ ምግብ ነው፣ መተዳደሪያ ነው፣ ሰው የሚኖርበት ነገር ሁሉ ነው። «ለለ ዕለት» ደግሞ በየዕለቱ ማለት ነው። የህላዌውን ክርክር አልፎ፣ የነገውንም ትቶ፣ በየቀኑ የሚያስፈልገንን ብሎ ቆረጠ። አማርኛው እንጀራ ሲል ከሲሳይ የራቀ ይመስላል፤ ግን አልራቀም። «እንጀራዬ ነው» የሚል ሹፌር ስለ ጤፍ አያወራም። «እንጀራ ፍለጋ መጣሁ» የሚልም እንደዚያው። «የዕለት ጉርስ፣ የዓመት ልብስ» የሚለው አባባላችን ራሱ ከዚህ ጸሎት ጎን ቢቀመጥ አያፍርም።

እንግዲህ ሰው «ታዲያ ትክክሉ የቱ ነው?» ማለቱ አይቀርም። በአብነት ትምህርት ቤት ወንጌል የተማረ ሰው በብዙ ፍቺ አይደነግጥም። «አንድም» ብሎ አንዱን ይነግርሃል፣ ደግሞ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል። የሂፖው አውግስጢኖስም እንዲህ ያለ ነገር አድርጓል፤ ለሥጋ የሚያስፈልገውን፣ ቅዱስ ቁርባኑን፣ የእግዚአብሔርን ቃል፣ ሦስቱንም በአንድ ላይ እንለምናለን ብሏል። ለጸሎት ይህ ይበቃል። ለሰዋስው ጥያቄ ግን አይበቃም። ቃሉን የፈጠረው ሰው ከአንዱ ሥር ነው ያወጣው፤ ወይ ከኡሲያ፣ ወይ ከኤፒኡሳ። ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊሆን አይችልም። እኔ ሚዛኑ ወደ ኤፒኡሳ ያዘነብላል ባይ ነኝ። የማይስማሙ ትልልቅ ሊቃውንት አሉ፣ ባዶ እጃቸውንም አይደሉም።

ለጓደኛዬ የነገርኩትም ይህንኑ ነው። ሰባኪው «አንዳንድ አባቶች እንዲህ ተርጉመውታል» ቢል ኖሮ የሚነቀፍ ነገር አልነበረውም። ያበላሸው «በግሪኩ እንዲህ ነው» ማለቱ ነው። በዚህ ቃል ላይ ግሪኩን ምስክር ጠርቶ ክርክር መዝጋት አይቻልም፤ ግሪኮቹ ራሳቸው ሲጠያየቁ ነው የኖሩት። እንዲያ ሲባል ከሰማችሁ የትኛው አባት፣ በየትኛው መጽሐፍ ብላችሁ ጠይቁ። ካወቀ ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ማቴዎስና ሉቃስ በኤፒኡሲዮስ ቢስማሙም ዐረፍተ ነገሩን እኩል አልጻፉትም። ማቴዎስ «ዛሬ ስጠን» ይላል። ግሡ የአንድ ጊዜ ስጦታ የሚያመለክት ነው። ሉቃስ ግን «ዕለት ዕለት ስጠን» ይላል። ግሡም ሳያቋርጡ መስጠትን የሚያመለክት ነው። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ዕለት ዕለት» ብሎ በደንብ አሳይቶታል። ግዕዙ «ለለ ዕለት» ሲልም የሉቃስ ድምፅ የሚሰማበት ይመስለኛል። አሁን ሉቃስ ላይ ሦስቱን ፍቺዎች ሞክሩ። «የዕለቱን እንጀራ ዕለት ዕለት» ብትሉ መደጋገሙ ይብሳል። «የሚያስፈልገንን እንጀራ ዕለት ዕለት» ብትሉ ያስኬዳል። «የምትመጣዋን ቀን እንጀራ ዕለት ዕለት» ብትሉ ደግሞ እያንዳንዱ ቀን ለሚቀጥለው ቀን የሚሆነውን ይዞ ይመጣል ማለት ይሆናል። እኔን ወደ ሦስተኛው የገፋኝ ከማቴዎስ ይልቅ ይህ የሉቃስ አነጋገር ነው።